የሄራጎራስ ሸራ

ከፋሌሮን፣ ከአቴናውያን ወደብ
ሚሊጦስ በወደቀች በአሥራ ሦስተኛው ዓመት፣ በወይራ ለቀማ ወቅት

ለማከብርዎ አክስቴ፣ ለእትዬ ናኒስ፦

ባሕር መሃላችን ቢገባም ጉልበትዎን ስሜ ነው የምጀምረው። እንዴት ሰነበቱ? ዓይንዎስ? የመርፌው ቀዳዳ አሁንም እሺ ይልዎታል? እኔ ለአማልክት ምስጋና ይድረሳቸውና ጤነኛ ነኝ። ልጅዎ ቴሌስ እንዴት ነው? ባለፈው ጢም ሊያወጣ ነው ብለውኝ ነበር፤ አወጣ ወይስ አሁንም ጉንጩን እያሻሸ ይጠብቃል?

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ስፖንጅ ነጋዴው ሲሞስ ነው። በእኛም በንጉሡም ወደብ የሚገባ፣ በሁለቱም ወደብ የሚዋሽ ሰው ስለሆነ አይስጉ። ደብዳቤውን ከትልቁ ስፖንጅ ሆድ ውስጥ ያገኙታል።

ወሬ ልንገርዎ። እዚህ አገር ከመሬት ውስጥ ብር ተገኘ። ሌላ ሕዝብ ቢሆን ተከፋፍሎ ይበላው ነበር፤ እነዚህ ግን ተጨቃጭቀው፣ ተሰዳድበው፣ በመጨረሻ መርከብ ሠሩበት። ሁለት መቶ መርከብ! ሰው ስላነሳቸው ስደተኛውንም ጠሩ። እኔም መሪ ያዥ ሆኛለሁ። መቶ ሰባ ቀዛፊ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ይቀመጣል። ቀዛፊ ጀርባውን ሰጥቶ ነው ወደ ጠላት የሚሄደው፤ ወዴት እንደምንሄድ የማየው እኔ ነኝ። አባቴ ይህን ቢያይ ኖሮ ሳይሰድበኝ አይቀርም ነበር፤ ትከሻህን አታጉብጥ ይለኝ ነበር።

የጻፍኩልዎ ለዚህ አይደለም። ሚሊጦስን ያቃጠለው ንጉሥ አገር ሙሉ ሰራዊት ይዞ ሊመጣ እንደሆነ ሰምተናል፤ የሳሞስን መርከቦችም ይዞ እንደሚመጣ ሰምተናል። ከሚሊጦስ ፊት ለፊት፣ ላዴ ደሴት አጠገብ በተዋጋን ቀን አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከሚሊጦስ ግንብ ላይ ከእናቴ ጎን ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ። አባቴ «ሳሞሶች አማቾቻችን ናቸው፤ እህቴን የሰጠኋቸው ሰዎች ናቸው» ብሎ ወዶ ከእነሱ መስመር ገባ፤ ከሳሞሱ የመርከብ አለቃ ከሄራጎራስ ጎን። ማለዳ ወይን ባሕሩ ላይ አፍስሰው አብረው ማሉ። ወደ ውጊያ የሚወጣ መርከብ ሸራውን የብስ ላይ ጥሎ እንደሚወጣ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። አባቴ ጥሎ ወጣ። ሄራጎራስ ግን ትንሿን ሸራ፣ የመሸሻዋን፣ ከወንበር ሥር ደብቆ ነበር። የንጉሡ መርከበኞች ፊንቄዎች ሲቀርቡ ያቺ ሸራ ከፍ ስትል አየሁ። እሱ ሲሄድ የአባቴ ጎን ባዶ ቀረ። ከዚያ ያለውን ያውቁታል። ከተማው ሲወድቅ እናቴንና ትንሿን እህቴን ወደ ንጉሡ አገር ነዷቸው፤ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። እርስዎ በሳሞስ የመርከብ መሥሪያ ውስጥ ሸራ ይሰፋሉ፤ ሁሉን ያያሉ። ሄራጎራስ የትኛውን መርከብ እንደሚመራ፣ ምልክቱ ምን እንደሆነ ይንገሩኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ምርቃትዎን ይላኩልኝ። ምርቃት ካላገኙ እርግማንም ይሁን፤ ለባለቤቱ አደርስልዎታለሁ።

የወንድምዎ ልጅ፣ ሊዮዳማስ


ከሳሞስ
በአሥራ አራተኛው ዓመት፣ የፀደይ የመጀመሪያዎቹ መርከቦች በወጡ ሰሞን

ለወንድሜ ልጅ ለሊዮዳማስ፦

እዚህ ያሉት ሰዎች ደብዳቤ ስትጽፊ «ሄራ ትጠብቅህ» ብለሽ ጀምሪ ይሉኛል። አልልም። ሄራ የእነሱ ናት። ቤቱን ያቃጠሉበት የእኛ አፖሎ ይጠብቅህ፤ እሱም እንደ እኛ ቂም ቋጥሯል።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ባሕሩ ሊዘጋ ሲል ስለነበር ክረምቱን ሙሉ ብብቴ ሥር ይዤው ከረምኩ። ቁራጭ ሸራ ላይ ስለምጽፍልህ አትታዘበኝ፤ እዚህ የሚተርፈን እሱ ነው። ዓይኔን ጠየቅኸኝ። ቂጣ ላይ ያለ ጉንዳን አይታየኝም፤ ሄራጎራስን ግን ከወደቡ ማዶ በአረማመዱ አውቀዋለሁ።

አሁን ንጉሡ የሰጠውን የወርቅ አምባር አጥልቋል። ሱሪ መልበስም ጀምሯል! ሽማግሌው ሰውዬ እግሩን ሁለት ከረጢት ውስጥ ከቶ በዓሣ ገበያው መሃል ሲንጎራደድ ብታየው ከቂምህ በፊት ሳቅህ ይመጣ ነበር። ባለፈው ሰሞን መሥሪያው ድረስ መጣ፤ ሰፊዎቹ ሁሉ ባሉበት።

«እትዬ ናኒስ» አለኝ፣ «ትንሿን ሸራዬን ደህና አድርገሽ ስፊልኝ። ዘመቻው ሩቅ ነው።»

«እንዴታ» አልኩት፤ «ለወንድሜ ከፈን እንደምሰፋ አድርጌ እሰፋልሃለሁ።»

«ወንድምሽ እኮ ከፈን አላገኘም» አለና ከት ብሎ ሳቀ።

ሰፊዎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጥርሴን እስካሁን ያመኛል።

ስለ መርከቡ ጠይቀኸኛል። የሳሞስ መርከብ ሁሉ አንድ ነው፤ የሁሉም አፍንጫ የከርከሮ ነው፣ የሁሉም ቀለም አንድ ነው። በውጊያ መሃል ለይተህ አታውቀውም። ትንሿ ሸራ ግን ይህን ስጽፍ ጉልበቴ ላይ ናት። በላይኛው ጠርዝ፣ በግራ ጥግ፣ ክንድ የሚሞላ ቀይ ጨርቅ ደርቤባታለሁ። «ምንድን ነው?» ሲለኝ «ብል በልቷት ነው፤ የተገኘው ጨርቅ እሱ ነው» አልኩት። ሸራዋን ከላይኛው ገመድ ጋር የሚይዘውን ስፌት ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ጨው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ ፀሐይ ላይ ባደረቅሁት ክር ነው የሰፋሁት። ላዩን በሰም ስላሸሁት አዲስ ይመስላል። ለስለስ ያለ ንፋስ ይችላል። ጠንከር ያለ ሲመታው ከጥግ እስከ ጥግ ይተረተራል።

ትልቁን ሸራ ለመንገድ ነው የሚይዙት፤ ይቺን የሚያነሳት ሲሸሽ ብቻ ነው። ያነሳታል ደግሞ! ያ ሰው መከራ ሲመጣ ዓይኑን ወደ ምሰሶ ነው የሚሰቅለው። ቀዩን ስታይ አትጠይቅ፣ አታመንታ፤ ምታው። ወንድሜን ባሕር ውስጥ ትቶ የሄደውን ሰው ባሕር ውስጥ አስቀረው። ከዚያ ወዲያ ብሞትም አይቆጨኝም።

ቴሌስ ጢም አውጥቷል።

ሲሞስ ሲመለስ ሁለት የነሐስ መርፌ ላክልኝ፤ የዚህ አገሩ ይጎብጣል። ክንድህን ያበርታው፣ ዓይንህን ያጥራው።

አክስትህ ናኒስ፣ የማንድሮን እህት


ከሳላሚስ ደሴት
በአሥራ አራተኛው ዓመት፣ በወይን መጥመቂያ ወቅት

ለማከብርዎ አክስቴ፦

እንዴት ነዎት? ዘንድሮ እዚህ ወይን የጠመቀ የለም። ከተማው ተቃጥሏል። ሴቱና ሕፃኑ ማዶ ተሻግሮ፣ እኛ ከደሴቱ ላይ ሆነን የቤተ መቅደሱን ጭስ ስናይ ነበር። አቴናውያን አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም፤ እንዲህ ያለውን ጭስ ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ። አሁን ግን ይስሙኝ፤ ዛሬ የምጽፍልዎ የምሥራች ነው!

ወንዝ ወደሚያክል ጠባብ ባሕር ገቡልን። ብዛታቸው ራሱ ጠላት ሆነባቸው፤ የኋላው የፊቱን እየገፋ መቅዘፊያቸው እርስ በርሱ ተጠላለፈ። ማለዳ ጀምረን ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ስንመታቸው ዋልን። የመርከባችን አለቃ ገና በጠዋቱ በቀስት ተመትቶ ስለተኛ፣ የመርከቡ ነገር በእኔ እጅ ነበር። ከሰዓት በኋላ የምዕራብ ንፋስ ተነሳ። ያኔ ነው ከርከሮ አፍንጫ ካላቸው መሃል አንዷ ወጣ ብላ ትንሽ ሸራ ስታነሳ ያየሁት። በላይኛው ጠርዝ፣ በግራ ጥግ፣ ቀይ።

እጄ ከጭንቅላቴ ቀድሞ መሪውን አዞረው። ለቀዛፊዎቹ ምት የሚቆጥረው ሰው ጮኸብኝ።

«አንተ ሰውዬ! ወዴት ነው የምትወስደን? የሚሸሸውን ተወው፣ የሚዋጋ ከፊታችን ቆሟል!»

«አንተ ዝም ብለህ ቁጠር» አልኩት። «ፈጠን አድርገህ ቁጠር!»

አክስቴ፣ ስፌትዎ እንዳሉት ሆነ። ንፋሱ ሞላት፣ ሁለት ጊዜ ያህል ጎተታት፣ ከዚያ ከጥግ እስከ ጥግ ተተረተረችና ቀዛፊዎቹ ላይ ወደቀች። ሸራው ሲሸፍናቸው መቅዘፊያቸው ተምታታ። ወገቧ ላይ በነሐሱ አፍንጫችን ገባንባት። ድምፁን አሁንም እሰማዋለሁ። ወደ ኋላ ቀዝፈን ስንወጣ ውሃው በቀዳዳው ተግተልትሎ ገባ፤ ብዙም አልቆየች።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አባቴ፣ ውሃው ይቅለለውና፣ ዛሬ አረፈ። የሄራጎራስን ፊት አላየሁም፤ ሸራው በቂዬ ነው። ውሃው ውስጥ ከነበሩት ማንንም አልማርንም፤ ስለዚያ ግን አልጽፍልዎም።

ሁለቱን መርፌዎች ለሲሞስ ሰጥቼዋለሁ፤ ስፖንጁ ውስጥ ያገኟቸዋል። ባለፈው ደብዳቤዎ ስለ ቴሌስ የነገሩኝ ጢሙን ብቻ ነው። የት እንደሚሠራ፣ ሰላም መሆኑን በሚቀጥለው ይጻፉልኝ።

ሊዮዳማስ


ከፒሬዎስ
በአሥራ አምስተኛው ዓመት፣ ፀደይ ሲገባ

ለእትዬ ናኒስ፦

ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው። ሲሞስ ሁለቱንም በእጃቸው ሰጥቻለሁ ይላል። «ምን አሉ?» ስለው «መርፌዎቹን ተቀበሉ፤ ምንም አላሉም» ይላል። «ታመዋል?» ስለው «ቆመው ነበር» ይላል። ጠምዝዤ ብጠይቀውም ከዚህ ሌላ አይወጣውም።

ተቀይመውኝ ከሆነ ይንገሩኝ። ደስ ይልዎታል ብዬ የምሥራቹን ጽፌልዎ ዝም አሉኝ። እዚህ ሰዎች ቤታቸውን ከአመድ ላይ እየሠሩ ነው፤ እኔም ድንጋይ እሸከማለሁ። እንቅልፍ ግን እንቢ ብሎኛል። ስለ ቴሌስ አንድ ቃል ብቻ።

ሊዮዳማስ


ከሳሞስ
በአሥራ አምስተኛው ዓመት፣ ስንዴ ታጭዶ ሲያበቃ

ሊዮዳማስ፦

ሄራጎራስ በሕይወት አለ። ጤናው ሙሉ ነው፤ ወፍሯልም።

ቆመህ ከሆነ የምታነበው ቁጭ በል። እኔም ቁጭ ብዬ ነው የሰማሁት። ባለፈው መከር፣ የንጉሡ መርከቦች ተሰባብረው ወደዚህ በተመለሱ በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሸራ ክምር ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«እትዬ ናኒስ፣ ልቅሶ ልደርስሽ ነው የመጣሁት።»

«የማንን ልቅሶ?»

«የቴሌስን።»

የነገረኝን እነግርሃለሁ። ፋሌሮን የባሕር ዳር ላይ፣ ከውጊያው በፊት፣ የንጉሡ ተቆጣጣሪ ከመርከብ መርከብ እየዞረ ይጠይቅ ነበር። «ላዴ ላይ ሸራ ያነሳኸው አንተ ነህ ወይ?» ብሎ ጠየቀው። ሄራጎራስ ሊሸልመኝ ነው ብሎ ደረቱን ነፋና «አዎ ጌታዬ፣ እኔ ነኝ» አለ። «እንግዲያው ያንተ ሸራ የብስ ላይ ይቀራል። ወዳጁን ጥሎ የሸሸ ንጉሡንም ጥሎ ይሸሻል» አለው። ሸራዋን ነጠቀውና መልእክት ለምታመላልስ መርከብ ሰጣት። ያቺ መርከብ ሸራዋን በመንገድ ማዕበል ወስዶባት ነበር። የቴሌስ መርከብ ናት።

«መልእክት ይዘሽ ወደ ንጉሡ ሩጪ ተብላ ሸራ ስታነሳ አየኋት» አለኝ። «ቅርብ ነበርኩ። አዲስ ስፌት እንደ ሸረሪት ድር ሲበጠስ እኮ አይቼ አላውቅም!» ከዚያ ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ለእኔ ነበር አይደል?»

«አዎ» አልኩት።

ሰይፉን ይመዛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲመዝም ፈለግሁ። እሱ ግን ተነስቶ ልብሱን አራገፈ።

«አንድ ቃል ብተነፍስ ዛሬውኑ ይሰቅሉሻል» አለኝ። «ግን ምን በወጣኝ! ኑሪ። ረጅም ዕድሜ ኑሪ፣ እትዬ ናኒስ።» ጥቅል በፍታ እግሬ ሥር ጣለና «ሌላ ስፊልኝ» ብሎ ወጣ። ሰፋሁለት። ባንተ መርፌ፣ በጥሩ ክር።

አሁን የእኔን ልናዘዝ። ያቺን የቀይ ጨርቅ ደብዳቤ ስጽፍልህ፣ ቴሌስን መቅዘፊያ አሸክመው ከወሰዱት አሥር ቀን ሆኖት ነበር። አልነገርኩህም። ብነግረው እጁ ይላላል፣ የሳሞስ መርከብ ባየ ቁጥር ዓይኑ ልጄን ይፈልጋል ብዬ ፈራሁ። ልጄና ሄራጎራስ በተለያየ መርከብ ናቸው፣ ምልክቱ ያለው ሸራው ላይ ነው፣ ምን ይሆናል አልኩ። የልጄን ነገር ጢሙ ውስጥ ደበቅሁልህ። ቂሜ ልጄን በላው፤ እኔ ነኝ ያጎረስኩት።

እንድታለቅስልኝ አልጻፍኩም። ና። መርከቦቹን ሁሉ ይዘህ ና! ይህን ደብዳቤ የሚያመጡት ሦስት የሳሞስ ሰዎች ናቸው፤ የንጉሡ ሹሞች ሳያውቁ ወደ አዛዦቻችሁ ተልከዋል። የንጉሡ መርከቦች በስብሰዋል፣ ሰዋቸው ፈርቷል፣ ብትመጡ እንነሳለን ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አሁን ከአንተ የምፈልገው አንድ ሰው አይደለም፤ ሁሉንም ነው። ሄራጎራስን ግን ለይተህ አምጣልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ንገረኝ። የሚሊጦስን አነጋገር ለቴሌስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ በዚያ መርከብ ላይ ከእሱ ሌላ የሚችል አልነበረም። ስለ ውሃው አልጽፍልዎም ብለኸኛል። ከውሃው ውስጥ የሰማኸው ነገር ካለ ጻፍልኝ። ሳትቀንስ።

ናኒስ


ከዴሎስ
በአሥራ አምስተኛው ዓመት፣ በበጋው መካከል

አክስቴ፦

ጉልበትዎን ልስም አልልም፤ አፌ አይገባውም።

ሰማሁ። ጠይቀውኛልና ሳልቀንስ እጽፋለሁ። መርከቧ ስትሰምጥ አንድ ሰው ዋኝቶ ወደ ኋላችን መጣ፤ እኔ ወደቆምኩበት። የመሪውን ዘንግ ጨበጠና ወደ ላይ አየኝ። በእኛ አነጋገር፣ ልክ እንደ ሰፈራችን ልጆች፣ «ወንድሜ፣ እጅህን ስጠኝ» አለ። ማን እንደሆንኩ አላወቀኝም። ከሠራዊቱ ሁሉ መሃል የአገሬን ልሳን የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ልቤ ሊራራ ሲል ተናደድኩ። የሚሊጦስ ሰው ሆኖ በሄራጎራስ መርከብ ላይ? ከከሃዲው የባሰ ከሃዲ ነው አልኩ በሆዴ። መርከብ የምንገፋበትን ረጅም ዘንግ አንስቼ መታሁት። ሁለቴ። በመጀመሪያው አልለቀቀም ነበር።

ጢም ነበረው።

እንቅልፍ ያሳጣኝ እሱ ነው፤ ማን እንደሆነ ሳላውቅም አሳጥቶኛል። ስለ ቴሌስ ደጋግሜ የጠየቅሁዎ ለዚህ ነበር። ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቴን ግን መጻፍ አልቻልኩም።

ሦስቱ ሰዎች አዛዦቹን አሳምነዋል። ነገ እንነሳለን። የንጉሡ መርከቦች ሳሞስን ለቀው ማዶ ወደ ሚካሌ እንደሸሹ፣ ሄራጎራስም አብሯቸው እንደሄደ ሰምተናል። እኔ እሱን ሳላገኝ ከመርከብ አልወርድም። አባቴንና ቴሌስን ባንድ ቀን አስከፍለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ደጅዎ ላይ እቆማለሁ። የፈለጉትን ያድርጉኝ።

ሊዮዳማስ


ከሳሞስ
ከሚካሌ ውጊያ በኋላ በአምስተኛው ቀን

ለሊዮዳማስ፦

ሚካሌ ላይ እንዳላገኘኸው አውቃለሁ፤ እኔ ጋ ስላለ ነው። አትፈልገው።

እናንተ መርከቦቹን ስታቃጥሉ በዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ሾልኮ ተሻገረ። እዚህ ደግሞ ሰዉ ዱላ ይዞ የንጉሡን ሰዎች ከየጓዳው እየጎተተ ነበር። ሱሪውን አውልቆ ጥሎ፣ በእጀ ጠባብ ብቻ፣ ቤቴ ዘው አለ። ምድጃዬ ላይ፣ አመዱ ውስጥ ተቀመጠና ጉልበቴን ያዘ። እንዲህ ያደረገ ሰው የዜውስ እንግዳ ነው፤ ምድጃውን ለቆ እስካልተነሳ ድረስ እኔም አልነካውም፣ ተከትለውት የመጡትም አይነኩትም። ሰዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ደጄ ላይ ቁጭ ብለው መጠበቅ ጀመሩ።

«ለምን ወደ እኔ መጣህ?» አልኩት።

«ምስጢርሽን አንድ ዓመት ሙሉ ጠብቄልሻለሁ» አለኝ። «ያንቺን ስፌት ለማንም አልተነፈስኩም። አሁን ተራሽ ነው፤ አስወጥተሽ አሳልፊኝ።»

ተነሳሁ። በሩ ላይ ቆሜ ለሰዎቹ ጮክ ብዬ ነገርኳቸው። «ልጆቻችሁን ከቴሌስ ጋር ያሰመጠውን ሸራ በበሰበሰ ክር የሰፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ከመሃላቸው ሁለቱ በዚያ መርከብ ላይ ልጅ ነበራቸው። አንዱ ዱላውን አነሳ፤ ሌላው ያዘው። እኔ ተመልሼ ከሄራጎራስ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ከዚህ በኋላ የሚሸጥልኝ ምስጢር አልቀረውም። ፊቱ እንዴት እንደገረጣ ባየህ! አሥራ አምስት ዓመት የጠበቅሁት ፊት ነው።

እንግዳን አብላ የሚል ልማድ አለ፤ ይህን እንግዳ ግን አላበላሁትም። ውሃም አልከለከልኩትም። እንስራው በሩ ጋ ነው፤ ከምድጃው ስድስት እርምጃ።

በሁለተኛው ቀን «ናኒስ፣ ውሃ» አለኝ።

«እንስራው ያውልህ። ተነስና ጠጣ።»

በሩን አየ። ሰዎቹም እሱን አዩት። አልተነሳም።

ትናንት ምላሱ ተሳስሮ እየተንተባተበ ሰደበኝ። «ልጅሽን የገደልሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ አይደለሁም!» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት፤ «ለዚህ ነው እኔም የማልጠጣው።»

እውነቴን ነው። ከእሱ ጋር ጀምሬያለሁ፤ ከእሱ ጋር እጨርሳለሁ። ግን እሱ ይቀድመኛል፤ ያንን ለማየት ያህል ጉልበት አለኝ። ፊደሉ ቢጣመም ታገሰኝ። አሁን አመዱ ላይ በጎኑ ተጋድሟል፤ ዓይኑ ግን እንስራው ላይ ነው። አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል ብዬ ነበር። አልጠጣም።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሳትቀንስ ስለጻፍክልኝ አመሰግንሃለሁ። ቴሌስን የገደልነው ሦስት ነን፤ ሁለታችን ምድጃው ዳር ነን። ዛሬ ጠዋት መርከቦቻችሁ ወደ ወደባችን ሲገቡ ሰማሁ። ቤቴ ከመሥሪያው በላይ፣ ሸራ የተሰጣበት ግቢ ነው። ሰዎቹ እንዲያሳልፉህ ነግሬያቸዋለሁ፤ የማን ልጅ እንደሆንክም፣ መሪውን የያዝከው አንተ እንደሆንክም ያውቃሉ።

በሩ ክፍት ነው፤ ግባ። ውሃ ቀድተህ እጅህን እንዳትዘረጋልኝ። አልይዘውም።

ናኒስ፣ የቴሌስ እናት